ኳንተም ወይስ ኤአይ? ተመራማሪ ለመሆን ላሰባችሁ

«ኳንተም ይሻላል ወይስ ኤአይ?» ፊዚክስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ጨርሰው ስለ ማስተርስና ፒኤችዲ የሚያስቡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ኤአይ ብር አለው፣ ኳንተም ገና ነው» የሚል ነው። መልሱ ውሸት የለበትም። ግን አምስት ስድስት ዓመት ከዕድሜው ሊሰጥ ለተነሳ ሰው አይበቃም። በዚያ ላይ «ኳንተም» በሚለው አንድ ቃል (እዚህ የኳንተም ኮምፒውተርን ማለቴ ነው) ሥር እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሙያዎች ስላሉ፣ ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄውን ራሱን መበተን ያስፈልጋል።

እኔ መንገዶቹን የምለያቸው በሁለት ነገር ነው። ለምርምሩ የሚያስፈልገው ማሽን በማን እጅ ነው ያለው? አንድ ሐሳብ ሞክራችሁ መልሱን እስክታዩስ ምን ያህል ትጠብቃላችሁ፣ ሰዓት፣ ወር ወይስ ዓመት? ደመወዝ፣ ቪዛና ዝና ከእነዚህ ቀጥለው ይመጣሉ። ማሽኑን ማግኘት የማትችሉ ከሆነ ወይም የመልሱ ፍጥነት ከጠባያችሁ ጋር ካልሄደ፣ በሦስተኛው ዓመት ላይ ደመወዙ አያስነሳችሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤአይ፦ መልሱ ቶሎ ይመጣል፣ ፉክክሩ ግን ከባድ ነው

በኤአይ ምርምር ጠዋት የጻፋችሁት ኮድ ማታ ውጤት ሊያሳያችሁ ይችላል። ሐሳቡ ካልሠራ በሳምንት ውስጥ ታውቁታላችሁ፣ ትጥሉታላችሁ፣ ወደ ሌላ ታልፋላችሁ። ቶሎ መሞከር፣ ቶሎ መሳሳት፣ ቶሎ ማረም ደስ ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ ዘርፍ የለም።

ይህን ግን ሁሉም ያውቃል። ኒውሪፕስ ለሚባለው ትልቁ የዘርፉ ኮንፈረንስ በ2017 የቀረቡት ፔፐሮች ሦስት ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ2025 ከ20 ሺህ በላይ ሆነዋል። ስድስት ወር ለፍታችሁበት ልታስገቡ ስትሉ፣ ሌላ ቡድን ያንኑ ሐሳብ ባለፈው ማክሰኞ አርካይቭ በተባለው የፔፐር ድረ ገጽ ላይ ለጥፎት ልታገኙ ትችላላችሁ። እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስባችሁ ሌሊቱን እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ከሆነ፣ ከመግባታችሁ በፊት ቢታሰብበት ጥሩ ነው።

ማሽኑስ? ትልልቆቹን የቋንቋ ሞዴሎች ከዜሮ ለማሠልጠን በሺዎች የሚቆጠሩ ጂፒዩዎች (ኤአይ የሚሠለጥንባቸው ቺፖች) ያስፈልጋሉ፣ እነሱም በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመጠን ሊፎካከራቸው አይችልም፣ ባይሞክርም ጥሩ ነው። የሚያዋጣው የጂፒዩ ብዛት የማይወስነውን ጥያቄ መምረጥ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ፣ የሰው ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት የሚሉ የሦስት ኩባንያዎችን ሶፍትዌሮች ፈተኑ። የተጠቀሙበት ዳታ 1,270 ፎቶ ብቻ ነበር። ፎቶዎቹ ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን የፓርላማ አባላት የተሰበሰቡ ናቸው፤ ጥቁሩም ነጩም፣ ሴቱም ወንዱም በተመጣጠነ ሁኔታ እንዲገኝ ታስቦበት ነው። ውጤቱ? ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ኩባንያዎቹ ሶፍትዌራቸውን ለማስተካከል ተገደዱ። ይህን ሥራ ለመሥራት የጂፒዩ ተራራ አላስፈለገም። ያስፈለገው ማንም ያልጠየቀውን መጠየቅና ዳታውን በጥንቃቄ መሰብሰብ ነበር።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ክፍት በር አለ፣ እሱም ቋንቋው ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን አንድ። ጽሑፍን በባይት እየቆራረጠ የሚያነብ ሞዴል አንዲት የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ትበጣጠስበታለች። ያው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሲሆን ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ብዙ ያስከፍላል፣ ሞዴሉም በደንብ አይረዳውም። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ በ2021 በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የስም መለያ ዳታ (ሞዴል ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ስሞችን መለየት የሚማርበት) ሲያወጣ አማርኛ አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፣ ያልተሠራው ግን ይበልጣል። «ሳይበላ» የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን አሉታ ሞዴሉ ሲስተው፣ የትኛው ላይ እንደተሳሳተ በጨረፍታ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ካሊፎርኒያ ያለው ላብ ይህን በገንዘብ ሊገዛው ቢፈልግም በቀላሉ አያገኘውም።

የኳንተም ሃርድዌር፦ ማሽኑ ላብ ውስጥ ነው፣ መልሱም ይዘገያል

ኳንተም ኮምፒውተር (የኳንተም ፊዚክስን ሕግ ተጠቅሞ የሚያሰላ ማሽን) ከሩቅ ሲታይ አንድ ነገር ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ግን ቢያንስ አራት የተለያየ ሙያ ነው። ጎግልና አይቢኤም ከሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ከሚያሳልፍ ቁስ) ቺፕ ይሠራሉ። ኳንቲኑምና አዮንኪው በኤሌክትሪክ መስክ ተይዘው በባዶ ክፍል ውስጥ የሚንሳፈፉ አዮኖችን (ቻርጅ ያላቸውን አቶሞች) በሌዘር ያዛሉ። ኩዌራና ፓስካል ቻርጅ የሌላቸውን አቶሞች በሌዘር ብርሃን ይደረድራሉ። ሳይኳንተምና ዛናዱ ደግሞ ሥራቸው ከብርሃን ጋር ነው። የመጀመሪያውን የሚሠራ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በማይክሮዌቭ ኬብልና በንጹሕ ክፍል ቺፕ ማምረቻ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌዘርና መስታወት ሲያስተካክሉ ይውላሉ። ስለዚህ «ኳንተም ሃርድዌር እፈልጋለሁ» ከማለታችሁ በፊት ከእነዚህ የትኛውን ቀን እንደምትወዱት እወቁ።

ሱፐርኮንዳክተሩን ቀረብ ብለን እንየው። ቺፑ የሚሠራው ከፍፁም ዜሮ በላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊኬልቪን ውስጥ ነው፣ ማለትም 2.7 ኬልቪን ከሆነው የጠፈር ቅዝቃዜ ከመቶ እጥፍ በላይ ቀዝቅዞ። ያንን የሚያደርገው ዳይሉሽን የሚባለው ማቀዝቀዣ ነው፣ እዚያ የሙቀት መጠን ላይ ለመድረስም ቀናት ይወስድበታል። ውስጡ አንድ ኬብል ከላላ ማሞቅ፣ መክፈት፣ ማስተካከል፣ ዘግቶ እንደገና ማቀዝቀዝ ነው። በአንድ ብሎን ሰበብ ሳምንቱ አለቀ ማለት ነው። ይህንን በትዕግሥት የሚያልፍ ሰው አለ፣ የሚያብድም አለ። ሁለቱም ጎበዝ ሊሆኑ ይችላሉ።

የመልሱን መዘግየት ለማየት የ2025ን የፊዚክስ ኖቤል ተመልከቱ። ጆን ክላርክ፣ ሚሼል ዴቮሬና ጆን ማርቲኒስ የተሸለሙበትን ሙከራ የሠሩት በ1984 እና 1985 በበርክሌይ ነው። ማርቲኒስ ያኔ የፒኤችዲ ተማሪ ነበር። በእጅ የሚያዝ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የኳንተም ጠባይ እንደሚያሳይ ያረጋገጡበት ይህ ሙከራ ለዛሬዎቹ የሱፐርኮንዳክተር ኪዩቢቶች (ኪዩቢት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መያዣ ናት) መሠረት ሆነ። በመካከሉ ማርቲኒስ የጎግልን የሃርድዌር ቡድን መርቶ በ2019 ባለ 53 ኪዩቢቱ ሲካሞር ቺፕ ወጣ። ጎግል «በ200 ሴኮንድ የሠራነው ሱፐርኮምፒውተርን 10 ሺህ ዓመት ይፈጅበታል» ሲል፣ አይቢኤም «ሁለት ቀን ተኩል ይበቃዋል» ብሎ መለሰ። በዲሴምበር 2024 የመጣው ባለ 105 ኪዩቢት የጎግል ቺፕ ዊሎው ደግሞ ብዙ ሰው ሲጠብቀው የነበረውን አሳየ፦ ስህተትን ለማረም የሚመደቡት ኪዩቢቶች ሲጨመሩ ስህተቱ በየደረጃው ከግማሽ በታች እየሆነ ወረደ። ሐሳቡ ከቀረበ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልፎታል። ይህን ርቀት መራመድ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ሃርድዌር የእናንተ ነው።

እቤት ሆኖ መጀመር ይቻላል ወይ? ሃርድዌሩን፣ አይቻልም። አይቢኤም ከ2016 ጀምሮ በክላውድ ያስከፈተው ማሽን ለመማር በጣም ጥሩ ነው፣ ነፃ ሰዓትም ይሰጣል። ግን በዚያ ሰርኪዩት (የኳንተም ፕሮግራም) ማስኬድ የሃርድዌር ምርምር አይባልም። የሃርድዌር ሰው መሆን የምትችሉት ላብ ውስጥ ስትገቡ ብቻ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ እነዚህ ላቦች ኤሌክትሪካል ኢንጂነር በጣም ይፈልጋሉ። የማይክሮዌቭ፣ የኤፍፒጂኤ (እንደተፈለገ የሚዋቀር ቺፕ)፣ የቁጥጥር ሥርዓት ዕውቀት ያለው ሰው ኳንተም ሜካኒክሱን እየሠራ ይማራል። እስራኤል የምትኖሩ ደግሞ በ2018 ቴል አቪቭ ውስጥ የተመሠረተው ኳንተም ማሽንስ ዋና ሥራው ኪዩቢቶችን የሚያዝ ኤሌክትሮኒክስ መሥራት እንደሆነ ልብ በሉ።

ሌላው የዜግነት ጉዳይ ነው። አሜሪካ በሴፕቴምበር 2024 በኳንተም ኮምፒውተርና በተዛማጅ መሣሪያዎች ላይ አዲስ የኤክስፖርት ቁጥጥር አውጥታለች፣ በመከላከያ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶችና አንዳንድ የመንግሥት ላቦችም የሚቀበሉትን ሰው ዜግነት ያያሉ። ላቡን ስትመርጡ «የውጭ ተማሪ የማይነካው ፕሮጀክት አለ ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ነውር የለውም፤ ፕሮፌሰሮቹ የለመዱት ጥያቄ ነው።

ቲዎሪና ስህተት እርማት፦ ላፕቶፕ የሚበቃበት

በእኔ ግምት ብዙ የኢትዮጵያ ተማሪ የሚዘለው፣ ግን ከሁሉም ይበልጥ የተከፈተለት መንገድ ይህ ነው። ምክንያቱም ማሽኑ እጃችሁ ላይ ነው።

በ2019 ተመራማሪዎቹ ክሬይግ ጊድኒና ማርቲን ኤኬሮ አሁን ባንኮች የሚጠቀሙበትን የ2048 ቢት አርኤስኤ የምስጢር መጠበቂያ ቁልፍ ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢትና 8 ሰዓት እንደሚያስፈልግ አሰሉ። በ2025 ጊድኒ ስሌቱን እንደገና ሠራው፤ ከአንድ ሚሊዮን በታች ኪዩቢትና ከአንድ ሳምንት ያነሰ ጊዜ በቂ ሆነ። ስለ ሃርድዌሩ ጥራት የታሰበው ግምት ያው ነው። ጊዜው ቢረዝምም የኪዩቢቱ ቁጥር ከሃያ እጥፍ በላይ የቀነሰው በዋናነት በተሻለ አልጎሪዝምና በተሻለ የስህተት እርማት ነው።

ኢዊን ታንግም አለች። በ2018፣ 18 ዓመቷ ሳለ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን በስኮት አሮንሰን አማካሪነት የኳንተም የምክር አልጎሪዝም (ፊልም ወይም ዕቃ የሚጠቁም ዓይነት) ከተራ ኮምፒውተር በጣም ይፈጥናል የተባለውን ልታረጋግጥ ተነሳች። መጨረሻ ላይ ተራ ኮምፒውተርም ለዚያ የሚቀርብ ፍጥነት እንዳለው አረጋገጠች። ወረቀትና ጭንቅላት።

መሞከር ለሚፈልግ፣ ዛሬ ማታ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። ጊድኒ የጻፈውን ስቲም የተባለ ነፃ የፓይተን ሶፍትዌርና ፓይማቺንግ የተባለውን ዲኮደር (ስህተቱ የት እንደሆነ የሚገምት ፕሮግራም) ጫኑ። ስቲም ራሱ ሰርፌስ ኮድ የተባለውን የስህተት እርማት ዘዴ ሰርኪዩት ያዘጋጅላችኋል። የኮዱን ርቀት (መጠኑን የሚወስነውን ቁጥር) 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7 አድርጉ። የእያንዳንዱን ኦፕሬሽን ስህተት 0.1 በመቶ ስታደርጉት፣ ኮዱ በተለቀ ቁጥር የመጨረሻው ስህተት ሲወርድ ታያላችሁ። 2 በመቶ ስታደርጉት ነገሩ ይገለበጣል፤ የበለጠ ኪዩቢት ጨምራችሁ የበለጠ ስህተት ታገኛላችሁ። በሁለቱ መካከል መስመሮቹ የሚቋረጡበት ቦታ አለ፣ የጎግል ዊሎው በእውነተኛ ቺፕ ላይ የተሻገረው ያንን ነው። ያንን ግራፍ በራሳችሁ ላፕቶፕ ስታወጡት የዘርፉን እምብርት አያችሁ ማለት ነው። ግራፉን ስታዩ «ለምን እዚያ ላይ ተቋረጠ?» የሚል ጥያቄ ከመጣባችሁና ካልለቀቃችሁ፣ ይህ መንገድ ይስማማችኋል።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። የንጹሕ ቲዎሪ ቋሚ ሥራ ጥቂት ነው፣ ለአንድ የፕሮፌሰር ቦታ በጣም ብዙ ሰው ያመለክታል። መልሱ የሚመጣውም በወራት ነው፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ለፈተና ከሚጠናው በላይ ጠለቅ ብሎ መያዝ አለበት። ስህተት እርማት ግን ከሌላው ቲዎሪ ለየት ይላል፣ ምክንያቱም የሃርድዌር ኩባንያዎቹ ሁሉ ይፈልጉታል። አይቢኤም በ2029 ባለ 200 ሎጂካል ኪዩቢት (ከብዙ ኪዩቢቶች ተሠርቶ ስህተቱ የሚታረም) ስታርሊንግ የተባለ ኮምፒውተር እሠራለሁ ብሎ ያቀደው አዲስ ዓይነት የእርማት ኮድ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ

«ለምን አንዱን ብቻ? ሁለቱን አንድ ላይ እሠራለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥሩ። ግን መገናኛው ሁለት አቅጣጫ አለው፣ እኩልም አይደሉም።

አንደኛው ኤአይን ለኳንተም መጠቀም ነው። ይህ አሁን ሕያው ነው። የኳንተም ቺፕ በየማይክሮሴኮንዱ ገደማ የስህተት ምልክት ይተፋል፣ ዲኮደር የሚባለው ፕሮግራም ከምልክቱ ተነስቶ የትኛው ኪዩቢት እንደተሳሳተ መገመት አለበት። ጎግል ዲፕማይንድና የጎግል ኳንተም ቡድን በ2024 አልፋኪዩቢት የተባለ፣ እንደ ቋንቋ ሞዴሎቹ በትራንስፎርመር የተሠራ ዲኮደር አወጡ። ትክክለኛነቱ ከነበሩት በለጠ። ግን ራሳቸው እንዳሉት ሱፐርኮንዳክተር ቺፕን በሰዓቱ ተከታትሎ ለማረም ገና ቀርፋፋ ነበር። ተመልከቱ፣ ጥያቄው ጥርት ያለ ነው፦ ያንኑ ትክክለኛነት ይዞ እንዴት ይፍጠን? ስኬታችሁን በቁጥር ትለካላችሁ፣ ዳታውን በስቲም ራሳችሁ ታመነጫላችሁ፣ ጎግል በኢንተርኔት የሚሰጠው ነፃ የኮላብ ጂፒዩም ለመጀመሪያ ሙከራ ይበቃል። የላብ ማሽኖችን በራስ ሰር ማስተካከልና ሰርኪዩትን ማሳጠርም እዚሁ ሥር ይገባሉ።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፣ ኳንተምን ለኤአይ። «ኳንተም ማሽን ለርኒንግ» ተብሎ በየኮርሱ የሚሸጠው ይህ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የኢሜይል፣ የፎቶ ወይም የባንክ ዳታን ወስዶ በኳንተም ኒውራል ኔትወርክ መለየት ለሚል የፒኤችዲ ርዕስ እንዳትፈርሙ። በ2018 የጎግል ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በዘፈቀደ የተሠሩ የኳንተም ኔትወርኮች ኪዩቢታቸው ሲበዛ ሞዴሉ የሚማርበት ግራዲየንት በጣም በፍጥነት ወደ ዜሮ ይጠፋል፤ ሞዴሉ የት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ምልክት አያገኝም። ተራ ዳታን ወደ ኳንተም ሁኔታ መጫኑም ራሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘውን ፍጥነት ይበላዋል። ዳታው ራሱ ኳንተም ሲሆን ግን፣ ለምሳሌ ከአንድ የኳንተም ሙከራ በቀጥታ ሲመጣ፣ እውነተኛ ጥቅም እንዳለ የተረጋገጠባቸው ውጤቶች አሉ። አማካሪ የምታደርጉት ሰው በዚህ ርዕስ ከመጣ «ከየትኛው ጥሩ ተራ ሞዴል ጋር ነው የምናወዳድረው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ አማካሪ ፈልጉ።

ሐሳባችሁን ብትቀይሩስ?

ከኳንተም ወደ ኤአይ መሻገር፣ ከኤአይ ወደ ኳንተም ከመሻገር በጣም ይቀላል። በ2024 በኤአይ ሥራው የኬሚስትሪ ኖቤልን ከዴሚስ ሃሳቢስና ከዴቪድ ቤከር ጋር ያገኘው ጆን ጀምፐር ፊዚክስ ተምሮ በቲዎረቲካል ኬሚስትሪ ፒኤችዲ የሠራ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ለኤአይ መሠረት በሆነ ሥራ የፊዚክሱን ኖቤል ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የወሰደው ጆን ሆፕፊልድም የፊዚክስ ሰው ነው። በተቃራኒው ኤአይ ሲሠራ ቆይቶ ዳይሉሽን ማቀዝቀዣ ወደ መጠገን የሚሄድ ሰው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ልባችሁ ሃምሳ ሃምሳ ከሆነና ሒሳብና ፊዚክስ የማይከብዳችሁ ከሆነ ከኳንተም ጀምሩ እላለሁ፣ መመለሻ በሩ ክፍት ስለሆነ። ከቤተሰብ በኩል ቶሎ ገቢ የሚጠበቅባችሁ ከሆነ ግን ይህን ምክሬን ተዉትና ኤአይ ግቡ።

ኩባንያ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመንግሥት ላብ

«ሪሰርች ሳይንቲስት» የሚለው የሥራ መደብ በሁለቱም ዘርፍ በአብዛኛው ፒኤችዲ ይጠይቃል። «ሪሰርች ኢንጂነር» ግን በማስተርስ፣ አንዳንዴም በጥሩ ኮድና ባቸለር ይገኛል፣ በኤአይ በኩል ደግሞ ሁለቱ ሥራዎች በጣም ይቀራረባሉ። ስሙ ላይ አትጨነቁ።

ኩባንያ ውስጥ ማሽኑ አለ፣ ደመወዙም ከፕሮፌሰር በጣም ይበልጣል፣ ግን ምን እንደምትሠሩ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ትልልቅ የኤአይ ኩባንያዎች ዋና ዋና ሞዴሎቻቸው እንዴት እንደተሠሩ መጻፍ እየተዉ ነው፤ የኳንተም ኩባንያዎች ግን አሁንም በብዛት ያሳትማሉ። ፔፐር ላይ ስማችሁ እንዲወጣ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጀማሪ የኳንተም ኩባንያ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ገቢው ከሽያጭ ሳይሆን ከባለሀብትና ከመንግሥት እንደሚመጣ አስታውሱ፤ ገንዘቡ ለስንት ዓመት እንደሚበቃ በቃለ መጠይቁ ላይ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ነፃነት ይሰጣል፣ ደጋግሞ ማስተማርና ገንዘብ ማፈላለግም ያመጣል። ስለ መንግሥት ላብ ከላይ ያልኩት የዜግነት ጉዳይ ከተፈታ፣ ረጅም ጊዜ ለሚወስድ ሥራ በጣም የተረጋጋው ቦታ ነው።

የት ሄዶ መማር?

አሜሪካ ከባቸለር በቀጥታ ፒኤችዲ ትቀበላለች። በሳይንስ ፒኤችዲ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ እንደ ከተማውና እንደ ዩኒቨርሲቲው ብዙ ጊዜ ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር በዓመት ይከፈላችኋል። ስለዚህ ለፒኤችዲ ክፍያ የሚጠይቃችሁን ፕሮግራም እለፉት። ስትጨርሱ በተማሪ ቪዛ ላይ እስከ ሦስት ዓመት መሥራት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ከበፊቱ ከብዷል፤ በሴፕቴምበር 2025 ከውጭ ለሚመጣ አዲስ የኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ማመልከቻ 100 ሺህ ዶላር ክፍያ ታውጇል።

አውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይፈልጋል፣ ፒኤችዲው ግን ውል ያለው ሥራ ነው። ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ፈቃድ አለው። በሆላንድ አራት ዓመት ነው። ዴልፍት ለኳንተም፣ ኢንስብሩክ ለአዮን፣ ዙሪክ ለሁለቱም ዘርፎች ጥሩ ናቸው። ቦታዎቹ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ዓመቱን ሙሉ ይወጣሉ፣ በአንድ የማመልከቻ ወቅት አይታጠሩም።

የአገር ውስጥ ዲግሪያችሁ ብቻውን በቂ አይሆንም ብላችሁ የምትሰጉ ሰዎች ሁለት ድልድዮች አሏችሁ። አንዱ በፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም በ1964 የተመሠረተው የጣሊያኑ አይሲቲፒ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የቲዎረቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው። ትሪየስተ ከተማ ውስጥ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ሙሉ ወጪውን ችሎ ያስተምራል፣ ብዙዎችም ከዚያ ተነስተው ወደ ጥሩ ፒኤችዲ ይሻገራሉ። ሌላው ኤይምስ (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም) ነው፤ ሩዋንዳን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች የአንድ ዓመት ማስተርስ አለው፣ በ2018 ደግሞ ኪጋሊ ላይ ለኤአይ ብቻ የተዘጋጀ ማስተርስ ጀምሯል።

ባሕረ ሰላጤውን ብዙ ሰው ለሥራ ብቻ ያስበዋል። በ2019 አቡ ዳቢ ውስጥ የተመሠረተው የመሐመድ ቢን ዛይድ ዩኒቨርሲቲ በኤአይ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ሳዑዲ ውስጥ ያለው ካውስት የተባለ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ትምህርቱን በነፃ አድርጎ ወርኃዊ ክፍያ ይጨምራል። የአቡ ዳቢው የቴክኖሎጂ ፈጠራ ተቋም ደግሞ ፋልከን የተባሉትን የቋንቋ ሞዴሎች የሠራ ሲሆን የራሱ የኳንተም ምርምር ማዕከልም አለው።

ዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ ደግሞ ልዩ መልእክት አለኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስት ጋር በ2006 ያቋቋመው የኳንተም ተቋም እዚያ ነው፣ በ2014 የተከፈተው የኳንተም ኮምፒውተር ሳይንስ ማዕከልም እዚያ ነው፣ የአዮንኪው ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ከተማ ነው። ልጆቻችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት በቅናሽ ተምረው ወደ ሜሪላንድ መዛወር ይችላሉ፣ ከዚያም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሳይጨርሱ ላብ ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ። በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የኳንተም ማዕከሎች አንዱ እንጀራ ቤቶቻችን አጠገብ እያለ ልጆቻችን ሲያልፉት ያሳዝነኛል።

አማካሪ ምርጫና ማመልከቻ

ከዘርፉም ከአገሩም በላይ የሚወስነው አማካሪው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ፕሮፌሰሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን አናግሩ። በስንት ዓመት ይጨርሳሉ? ከዚያ የት ሄዱ? በክረምት ወራትስ ይከፈላቸዋል? የሃርድዌር ላብ ከሆነ «ማቀዝቀዣው አሁን ይሠራል ወይስ ገና እየተገጠመ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ያልተገጠመ ላብ ውስጥ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በቧንቧና በኬብል ሊጨርስ ይችላል። የኤአይ ላብ ከሆነ ስንት ጂፒዩ ለስንት ተማሪ እንደሚካፈል ጠይቁ።

ለፕሮፌሰር ስትጽፉ አጭር ይሁን። ስለ ሕልማችሁ ከመጻፍ ይልቅ ከፔፐሮቹ አንዱን አንብባችሁ ያልገባችሁን አንድ ጥያቄ አንሱ፣ የሠራችሁትን አንድ ነገርም አያይዙ፤ የስቲም ግራፋችሁ ወይም አንድ የአማርኛ ሞዴል የት የት እንደተሳሳተ የመዘገባችሁበት ሠንጠረዥ ይበቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመለሰ አንዴ አስታውሱትና ወደ ሌላው እለፉ። የአሜሪካ ማመልከቻዎች አብዛኞቹ የሚዘጉት በዲሴምበር የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሦስት መምህራን ከመስከረም ጀምሮ ያዙ። የማመልከቻ ክፍያ ማስቀሪያ ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለጠየቀ ይሰጣሉ፣ ፎርሙ ውስጥ ካላገኛችሁት ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ በቀጥታ ጻፉ።